በቾሩህ ሸለቆ ስላሉት ገዳማት

በቱርክ አገር በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ፥ ከጆርጂያ ጋራ በሚዋሰነው ዳርቻ፥ አርትቪን የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። ከጥቁር ባሕር ዳር ጀምሮ ከ3900 ሜትር በላይ ከፍታ እስካለው እስከ ካችካር ተራራ ድረስ አገሩ አቀበትና ቍልቍለት ነው፤ ሜዳ የሚባለው ጥቂት ነው። የአውራጃው ከተማ አርትቪን ራሱ በተራራ ወገብ ላይ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ከታችኛው ሰፈር ወደ ላይኛው የሚሄድ ሰው ከከተማው ሳይወጣ ተራራ ወጥቶ ያድራል። በባሕሩ በኩል ዝናሙ ብዙ ነውና ሻይ ይለማል፤ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ዩሱፈሊ ለሚወርድ ግን አየሩ ደረቅና ሞቃት ይሆናል፥ በዚያም ወይራና ሮማን ይተከላል፥ ሩዝም ይዘራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በዘመናችን ወደዚህ አገር የሚሄደው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ውሃውን ለማየት ነው። በቦርችካ ወረዳ ከደኑ ውስጥ ማራል የሚባለው ፏፏቴ 63 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ በአርሃቪ በኩል ደግሞ መንቹና የሚባለው አለ። ወደ ደቡብ አልፎ በጎረቤቱ በኤርዙሩም አውራጃ ያለው የቶርቱም ፏፏቴ፥ ተራራ ተንዶ ሸለቆውን በዘጋው ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ከፍታው 48 ሜትር ይባላል። ከሁሉ የገነነው ግን የቾሩህ ወንዝ ነው። ይህ ወንዝ ከመስጂት ተራሮች ተነሥቶ በባይቡርትና በኢስፒር አልፎ፥ አርትቪንን ሰንጥቆ፥ በባቱሚ አጠገብ በጆርጂያ ምድር ከጥቁር ባሕር ይገባል፤ ርዝመቱም ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በረዶው በሚቀልጥበት በግንቦትና በሰኔ ወራት እጅግ ይቈጣል። ሰዎችም በአየር በተነፋ የጎማ ታንኳ ተቀምጠው፥ መቅዘፊያ ይዘው፥ ከዐለት ወደ ዐለት እየተወረወሩ በማዕበሉ ላይ ይወርዳሉ። በ1993 ከብዙ አገር የመጡ ቡድኖች በዩሱፈሊ ተሰብስበው በዚሁ ወንዝ ላይ የዓለም ውድድር ስላደረጉ፥ ከዚያ ወዲህ የቾሩህ ስም በጀብዱ ወዳጆች ዘንድ ታወቀ።

በወንዙ ላይ በታንኳ መውረድ ግን ለአገሩ አዲስ ነገር አልነበረም። መኪና መንገድ ሳይወጣ፥ የአርትቪን ነጋዴ ዕቃውን በጠፍጣፋ ጀልባ ጭኖ ወደ ባቱሚ ወደብ ይልክ ነበር። ሲወርዱ ቀኑ ሳይመሽ ይደርሳሉ፤ ሲመለሱ ግን ጀልባውን በገመድ እየጐተቱ ብዙ ቀን ይደክማሉ። ለጨዋታ የሚወርደው የዛሬው ሰው ታንኳውን በመኪና አስጭኖ ይመለሳል፤ የዚያን ጊዜው ጀልባ ነጂ ግን የወረደውን ሁሉ በትከሻው ይከፍለው ነበር።

እንግዲህ ከታንኳው ላይ ዓይኑን ወደ ገደሉ የሚያነሣ ሰው ከተራራው ጫፍ አንድ ነገር ያያል፤ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ጉልላት፥ መስኮቱ የፈረሰ፥ በጣራው ላይ ሣር የበቀለበት። ወደ ሌላው ሸለቆ ቢገባም እንደዚሁ ያለ ሌላ ጉልላት ያገኛል። ይህ በረሓ የሚመስል ገደል በአንድ ዘመን የአንድ ሕዝብ መጽሐፍ፥ ዜማና መንግሥት የተወለደበት ስፍራ ነበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት፥ በ730ዎቹ ገደማ፥ የዐረቡ አለቃ መርዋን ኢብን መሐመድ፥ ጆርጂያውያን «ደንቆሮው» የሚሉት፥ ወደ ካውካስ ዘምቶ አገሩን አጠፋ። ክላርጀቲ የሚባለው ይህ የቾሩህ ሸለቆም ባዶ ሆነ፤ ከጦሩ የተረፈውንም ሰው የሆድ በሽታ ገብቶ ፈጀው፥ የቀረው ጥቂት ነበረ። በኋላ በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የባግራት ወገን የሆነው አሾት ከዐረቦች ፊት ሸሽቶ ወደዚህ ወደ ምዕራብ መጣ። የቁስጥንጥንያም ንጉሠ ነገሥት ኩሮፓላት የሚባለውን ታላቅ ማዕርግ ሰጠው። አሾት መርዋን ያፈረሰውን የአርታኑጂን አምባ፥ ዛሬ አርዳኑች የሚባለውን፥ እንደ ገና ሠርቶ በዚያ ተቀመጠ። ከመቶ ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ቈስጠንጢኖስ ፖርፊሮጌኒጦስ ስለ አርታኑጂ ሲጽፍ፥ ከትራብዞንና ከአርመን ከሶርያም ሳይቀር ነጋዴ የሚመጣበት ከተማ እንደ ሆነ ይናገራል። ከሰው ባዶ የነበረ ሸለቆ በመቶ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መድረሱ የሚያስደንቅ ነው።

አምባውን የሠራው አሾት ነው፤ ሸለቆውን ሰው ያደረገው ግን ግሪጎል የሚባል መነኩሴ ነው። ግሪጎል በ759 ተወለደ፤ በካርትሊ መስፍን በኔርሴ ቤት በክብር አደገ። ዘመዶቹ ለታላቅ የቤተ ክርስቲያን ሹመት ሲያዘጋጁት፥ እርሱ ግን ሳባን፥ ቴዎድሮስንና ክርስቶፎሮስን ይዞ ወደ ክላርጀቲ በረሓ ኮበለለ። አስቀድሞ በኦፒዛ ገዳም ከመነኮሳቱ ጋራ ተቀመጠ፤ ከዚያም በኸንጽታ የራሱን ገዳም መሠረተ። መጀመሪያ የሠሩት ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ነበረ፤ ገብርኤል ዳፓንቹሊ የተባለ ባላባት ገንዘብ ከሰጣቸው በኋላ ግን በድንጋይ ሠሩት። ግሪጎል ሥርዐት ያለው ገዳም ለማቆም ስለ ፈለገ፥ ከሳባ ጋራ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄዶ ገዳማቱን አየ፤ ወደ ኢየሩሳሌም ለሚሄድ ወዳጁም የማር ሳባን ገዳም ሥርዐት ጽፎ እንዲያመጣለት አደራ አለው። እንዲህ ሆኖ በቾሩህና በገባሮቹ ሸለቆ ገዳም በገዳም ላይ ተጨመረ። ጆርጂያውያን «ዐሥራ ሁለቱ የክላርጀቲ በረሓዎች» ይሏቸዋል። ግሪጎል በ861 ሲያርፍ ዕድሜው 102 ዓመት ነበረ።

በ951፥ ግሪጎል ካረፈ በ90 ዓመት፥ ጊዮርጊ መርቹሌ የሚባል መነኩሴ በዚያው በኸንጽታ ሆኖ ገድሉን ጻፈ። ይህ ገድል እንደ ሌሎች ብዙ ገድሎች በተአምራት ብቻ የተሞላ አይደለም፤ የሰው ጠባይ በግልጥ ይታይበታል። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚታወቀው የአሾትና የዕቁባቱ ነገር ነው።

አሾት ኀያል ጦረኛ ነበረ፥ ገዳማትንም የሚረዳ ሰው ነበረ፤ በፍትወት ነገር ግን ተሸነፈ። ሚስት ሳለችው አንዲት ሴት ወድዶ ወደ አርታኑጂ አምጥቶ አኖራት። ግሪጎልም ይህን በሰማ ጊዜ ሳይፈራ ገሠጸው። አሾት እተዋታለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ነገር ግን ልቡ እንቢ አለው። ግሪጎልም መስፍኑ ከአምባው የወጣበትን ቀን ጠብቆ ሴቲቱን አነጋገራት። እርስዋም መስፍኑ ስለ ወደደኝ በራሴ ሥልጣን የለኝም ብላ ነገረችው፤ በመጨረሻው ግን ምክሩን ተቀበለች። ግሪጎልም ወደ መሬ ወደ ሴቶች ገዳም ወስዶ ለእመ ምኔቲቱ ለፌብሮንያ አደራ ሰጣት። አሾት በተመለሰ ጊዜ አጣት፤ የት እንዳለችም በተረዳ ጊዜ ወደ መሬ ገሠገሠ። ወደ ፌብሮንያ ቀርቦ ግን እውነቱን ለመናገር አፈረ። ይህች ሴት የቤቴን ዕቃ ሁሉ ትጠብቅ ነበረችና አሁን ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፥ መጥታ ታስረክበኝ ብሎ አመካኘ። ፌብሮንያ ግን የነገሩን ሥር ታውቅ ነበረችና በፊቱ ገለጠችለት። በአገሩ ሁሉ ላይ የሚያዝዘው ሰው በአንዲት መነኩሲት ፊት ዝም አለ። ጥቂትም ቆይቶ በሙታን ዕድል እስኪቀና ድረስ አዘነ ይላል ገድሉ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሴቲቱን ሳይወስድ ሄደ።

ይህ ገድል ሲጻፍ አገሩን የሚገዙት የዚሁ የአሾት ልጆች ነበሩ። መርቹሌ የሥርወ መንግሥቱን አባት ውርደት ለመሰወር ቢፈልግ ምክንያት አያጣም ነበረ፤ እርሱ ግን አልሰወረም፥ የገዦቹም ፍርሀት አልከለከለውም። የአሾትን ፍጻሜ ደግሞ የታሪክ ጸሓፊዎች እንዲህ ይናገራሉ፤ ጠላቶቹ በድንገት በተነሡበት ጊዜ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሸሸ፥ በመሠዊያውም ፊት ገደሉት። ዓመቱን አንዳንዶች 826 አንዳንዶች 830 ይሉታል። ሥጋውም በአርታኑጂ በቅዱሳን በጴጥሮስና በጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

እነዚህ ገዳማት ያፈሩት ፍሬ ከሁሉ ይልቅ መጽሐፍ ነው። ግሪጎል ራሱ በእጁ የጻፈው የዓመቱ በዓላት ዜማ መጽሐፍ፥ በኛ ዘንድ እንደ ድጓ ያለው፥ በኸንጽታ ይገኝ እንደ ነበረ መርቹሌ ይመሰክራል። ግሪጎል በመሠረተው በሻትበርዲ ገዳም በ897 የተጻፈው ወንጌል፥ ዓመቱ ከተመለከተባቸው የጆርጂያ ወንጌሎች ሁሉ የቀደመ ነው፤ በካውካስ ተራራ በአዲሺ መንደር ስለ ተገኘ የአዲሺ ወንጌል ይባላል። በዚያው ገዳም በ973 ለፓርኻሊ ቤተ ክርስቲያን ሌላ ወንጌል ተጻፈ። በ978 እና በ988 መካከልም ሚካኤል ሞድረኪሊ የሚባለው ሊቅ በሻትበርዲ ታላቅ የዜማ መጽሐፍ ሰብስቦ ጻፈ። በዚህ መጽሐፍ ከቃሉ በላይና በታች የዜማ ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱ ዛሬም በብራናው ላይ ግልጥ ሆኖ ይነበባል፤ ነገር ግን በየመካከሉ የሚያስተምረው መምህር ስለ ተቋረጠ፥ ዜማው እንዴት እንደ ነበረ በርግጥ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ምልክት ከመምህር አፍ ሲለይ ምን እንደሚሆን ለመረዳት የሚወድ የዜማ ተማሪ ይህን መጽሐፍ ያስብ።

ጆርጂያውያን የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉ ስለ ሆኑ በሃይማኖት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የተለዩ ናቸው፤ በኢየሩሳሌም ግን የሁለቱ አገር መነኮሳት በቅዱሳት መካናት ዙሪያ ጎረቤት ሆነው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የክላርጀቲ ነገር ከመጥፋት የዳነውም በኢየሩሳሌም በኩል ነው፤ ይኸውም በኋላ ይነገራል።

በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የታኦ ገዢ ዳዊት ኩሮፓላት፥ በ1000 የሞተው፥ በሸለቆው ውስጥ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት አሠራ። የፓርኻሊና «አራቱ አብያተ ክርስቲያናት» የሚባለው ገዳም ሕንፃዎች የርሱ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ከሁሉ የቀደመች ግን ኢሽኻኒ ናት። እርስዋን መጀመሪያ የሠራት በ7ኛው መቶ ዓመት የአርመን ካቶሊኮስ የነበረው «ሐናጺው» ኔርሴስ 3ኛ ነው፤ ከጠፋችም በኋላ የግሪጎል ጓደኛ ሳባ አቀናት፥ በ1032ም እንደ ገና ታደሰች። በመቅደሷ ውስጥ በግማሽ ክብ የቆሙት ዓምዶች ከኔርሴስ ዘመን የተረፉ ናቸው። ስለዚህ አርመኑም ጆርጂያዊውም የአባቶቼ ሥራ ናት ሲል ሁለቱም ሐሰተኛ አይባሉም።

በ16ኛው መቶ ዓመት የኦቶማን ቱርኮች አገሩን ያዙ። ሕዝቡም በዘመን ብዛት ወደ እስልምና ገባ፤ መነኮሳቱ አለቁ፥ ገዳማቱም ባዶ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የሆነውን ነገር አንባቢ በትዕግሥት ሊመለከተው ይገባል። የፓርኻሊ፥ የኢሽኻኒና የዶሊሻኔ አብያተ ክርስቲያናት መስጊድ ሆኑ። ይህን የሚሰማ ካህን ማዘኑ አይቀርም፤ ሆኖም ጣራቸው የጸና፥ ግድግዳቸው የቆመ እነዚሁ ናቸው። የመንደሩ ሰው ይጸልይበት የነበረውን ቤት ጣራው ሲያፈስ ይደፍነው ነበረ፤ ድንጋዩን ለበረት መሥሪያ የሚወስድ ቢኖር ይከለክለው ነበረ። ኢሽኻኒ እስከ 1983 ድረስ መስጊድ ነበረች። ማንም ሳይጸልይበት የቀረው ግን ድንጋዩ ለቤትና ለአጥር ተወሰደ። ኸንጽታ እንደሆነች የሚታመነው በፖርታ ያለው ፍርስራሽ ጉልላቱ ተሰንጥቆ ዛፍ በቅሎበታል። በሻቭሻት ያለችው የጠቤቲ ካቴድራል ደግሞ በ1961 አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ።

በ1878 በበርሊን ውል አርትቪን ወደ ሩስያ መንግሥት ዞረ። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀድሞ በ1874 የሩስያ መኰንን የነበረው ጆርጂያዊው ጊዮርጊ ካዝበጊ በኦቶማን ግዛት ሦስት ወር ዞሮ ያየውን ጽፎ ነበረ። ከሁሉ የበለጠው ሥራ ግን የኒቆላይ ማር ነው። ይህ ሊቅ በ1902 ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ በግሪክ ፓትርያርክ ቤተ መጻሕፍት የግሪጎልን ገድል ከብራናው ገለበጠ። የብራናው መጽሐፍ ቀድሞ የጆርጂያውያን ከነበረው ከመስቀል ገዳም የመጣ ነው። በ1904ም ማር ወደ ክላርጀቲ ሄደ፤ ገድሉም እንደ መንገድ መሪ ሆነው። የመንደሩ ሰው የማያውቀውን የገዳም ስም ከሺህ ዓመት በፊት በተጻፈ ገድል እየተመራ፥ ይህ ኦፒዛ ነው ይህ መሬ ነው እያለ ፈለገ። ገድሉንና የጉዞውን ማስታወሻ በአንድነት በ1911 አሳተመ። ሸለቆው የረሳውን ስሙን ከኢየሩሳሌም አገኘው ማለት ይቻላል።

በ1917 ደግሞ ኤቅቪሜ ታቃይሽቪሊ የታኦን አብያተ ክርስቲያናት ለክቶ፥ ፎቶግራፍ አንሥቶ መዘገበ። ዛሬ የወደቀውን ሥዕልና ጽሕፈት የሚያጠና ሰው ወደርሱ መዝገብ ይመለሳል። ይህ ሰው በ1921 የጆርጂያ መንግሥት ሲወድቅ የአገሩን የቅርስ ዕቃ ጭኖ ወደ ፈረንሣይ ተሰደደ፤ ራሱ በችጋር እየኖረ አንዲቱን ዕቃ እንኳ ሳይሸጥ ጠብቆ በ1945 ለአገሩ መለሰ። ነገሩ ከዚህ ታሪክ ወጣ ያለ ነው፤ ነገር ግን ስለ አደራ የሚናገር ሰው ይህን ስም ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም።

በዚያው በ1921 በሞስኮና በካርስ በተደረጉት ውሎች አርትቪን ለቱርክ ሆነ፥ የወንዙ አፍ ባቱሚ ግን በሶቪየት እጅ ቀረ። የጀልባ ንግድም ሞተ። ማራል ፏፏቴ ያለበት የማጃሄል ሸለቆ ከሁለት ተከፈለ፤ 6 መንደር በቱርክ፥ የቀረው በጆርጂያ ሆነ። በባሕሩ ዳር ያለችው የሳርፕ መንደርም በመካከሏ በሚወርድ ጅረት ተከፈለች፤ ወንድም ከወንድሙ ተለየ። ድንበሩ ለ50 ዓመት ያህል በተዘጋበት ዘመን፥ በወዲህ ማዶ ሰው ሲሞት ሴቶች ስሙን በለቅሶ ዜማ ውስጥ እያስገቡ ከፍ አድርገው ያሰሙ እንደ ነበረና፥ በወዲያ ማዶ ያለው ዘመድም በዚያ መርዶውን ይረዳ እንደ ነበረ ይነገራል። በሩ የተከፈተው በ1988 ነው። የማጃሄል ሽማግሌዎች ዛሬም ጆርጂያኛ ይናገራሉ፥ በጆርጂያ ልማድ በብዙ ድምፅ ይዘምራሉ፤ ንብ በማርባትም የታወቁ ናቸው።

በመጨረሻው ተራው የውሃው ሆነ። የቱርክ መንግሥት ቾሩህን ከታች ጀምሮ በየደረጃው ገደበው፤ ሙራትሊና ቦርችካ አስቀድመው ተሠሩ፥ ቀጥሎም በአርትቪን ከተማ አጠገብ 249 ሜትር ከፍታ ያለው የደሪነር ግድብ ቆመ። ከሁሉ የሚበልጠው የዩሱፈሊ ግድብ 275 ሜትር ከፍታ አለው፤ በኅዳር ወር 2022 ውሃ መያዝ ጀመረ። የዩሱፈሊ ከተማ ሱቁና መስኩ፥ የሩዙ እርሻና የወይራው ዛፍ ከሐይቅ በታች ሆነ። ሕዝቡ ከተራራው ላይ በተሠራለት አዲስ ከተማ ሰፈረ፤ የሙታኑም ዐፅም ከመቃብር እየወጣ ወደ ላይ ተወሰደ። መብራት ለአገር የሚያስፈልግ ነው፥ ይህን የሚክድ የለም፤ የአባቱን መቃብር ሲያስቈፍር የዋለ ገበሬ ግን ሒሳቡን በሌላ መስፈሪያ ይሰፍራል። በ1993 ከዓለም ዙሪያ የመጡት ቡድኖች የተወዳደሩበት ማዕበልም አብዛኛው ጸጥ ያለ ሐይቅ ሆኗል፤ ታንኳ የሚወርድ ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው ከሐይቁ በላይ ባለው ወንዝና በገባሮቹ ነው።

አብያተ ክርስቲያናቱን በሚመለከት ግን የጥንት መነኮሳት ፍርሀት ጠቅሟቸዋል። ጦር የሚያልፍበትን የወንዙን ዳር ሸሽተው በጐን ሸለቆዎችና በከፍታ ላይ ስለ ሠሩ፥ ኢሽኻኒና ፓርኻሊ ከውሃው በላይ ቀሩ። ወደነርሱ የሚሄደው አዲሱ መንገድ ተራራውን እየበሳ በዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ መንገደኛውም ከአንዱ ዋሻ ወጥቶ ወደ ሌላው እስኪገባ ድረስ አረንጓዴውን ውሃ ከሩቅ ወደ ታች ያየዋል። የቀድሞው መንገድ ከነድልድዩ ከዚያ ውሃ በታች ነው።